ቶይባና የግራናው ወፍጮ

ቶይባን መጀመሪያ አልወደድኳትም፤ ይህን መሸፋፈን አልፈልግም። መርሳ ከዋናው መንገድ ዳር ያለችውን የልብስ ስፌት ሱቄን ግማሽ ልትከራይ የመጣች ዕለት፣ ከምትሸጠው ሂጃብና አባያ ቀድማ ያስገባችው ሁለት የፕላስቲክ ወንበርና አንድ የስልክ ማቆሚያ ነበር። ወንበሩ ለምን እንደሆነ ብጠይቃት፣ ሴቶች መጥተው እንዲቀመጡበት ነው አለችኝ። ምን ሊገዙ? ምንም። ሊያወሩ። እኔ ሰላሳ ዓመት ስሰፋ የኖርኩት ሴቶች ሲያወሩ እየሰማሁ ነው፤ ለወሬ ተብሎ ወንበር ሲገዛ ግን ያየሁት ያን ቀን ነው።

ሀያ አራት ዓመቷ ነበር። አባቷ ከመርሳ ወጣ ብለው ሽንኩርትና ማንጎ የሚያለሙ ገበሬ ናቸው፤ ከስድስት ልጆቻቸው ዩኒቨርሲቲ የገባችው እሷ ብቻ ናት። ወልዲያ ሳይኮሎጂ ተማረች፣ ጥቁር ጋውን ለብሳ ፎቶ ተነሳች፣ ፎቶው አባቷ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ከዚያ ሁለት ዓመት ሙሉ በየመሥሪያ ቤቱ ሰሌዳ ላይ የሥራ ማስታወቂያ ስታነብ ከረመች። አንዱም አልሳካ ሲላት ሂጃብ መሸጥ ጀመረች። የተማረችውን ግን አልተወችውም። ስልኳ ላይ ቲክቶክ ከፈተችና ገጿን «ደህና ነኝ አትበይ» ብላ ሰየመችው።

ስሙን ስሰማ ሳቄ መጣ። በእኛ አገር ሰላምታ ረጅም ነው። አንቺ ደህና? ልጆች ደህና? ከብቱ ደህና? ሰፈሩ ደህና? ለሁሉም መልሱ አንድ ነው። ሙስሊሙ አልሐምዱሊላህ ይልበታል፣ እኛ ተመስገን እንልበታለን፣ ወሬው የሚጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። መርዶ ይዞ የመጣ ሰው እንኳ መጀመሪያ ደህና ብሎ ነው ወደ ነገሩ የሚገባው። ይቺ ልጅ ደግሞ ከዚህ ጋር ልትጣላ ተነሳች።

ሰደቧት። አንዱ የአላህን ፀጋ መካድ ነው ብሎ ጻፈ፣ ሌላው ባል ፈልጉላት አለ፣ አንዷ ደግሞ ከተማ ያየች መስሏት ነው ብላ አፌዘችባት። እሷ ሁሉንም አንድ በአንድ አንብባ ለአንዱም ክፉ አልመለሰችም። አንድ ቀን ሂጃቧን አስተካክላ ስልኩ ፊት ቆመችና፣ «ለአላህ ምስጋና ይገባዋል፤ አልሐምዱሊላህ በሉ። ለእናታችሁ ግን እውነቱን ንገሯት» አለች። ያ ንግግር ከመርሳ ወጥቶ ደሴ፣ አዲስ አበባ፣ ጅዳና ሪያድ ደረሰ። ስድስት ወር ሳይሞላ አርባ ሺህ ሰው ይከተላት ጀመር። መርሳ ውስጥ አርባ ሺህ ሰው መኖሩንም እንጃ።

ልጆቹ መምጣት ጀመሩ። ከዩኒቨርሲቲ ለእረፍት የመጡ፣ ከአረብ አገር የተመለሱ፣ አግብተው የፈቱ፣ ገና ያላገቡ። ሁለቱ ወንበሮች አልበቃ ብለው ሌላ ሁለት ተገዛ፤ የተረፉት የጨርቅ ጥቅሌ ላይ ይቀመጣሉ። አነጋገራቸው ያስቀኛልም ያበሽቀኛልም። እኛ ሆዴ ባሰኝ ብለን የምናልፈውን እነሱ ዲፕረሽን ይሉታል፤ እኛ ደንግጣ ነው የምንላትን እነሱ ትራውማ አለባት ይሏታል። አንዷማ ለአማቴ ባውንደሪ፣ ድንበር ማለቷ ነው፣ ላስቀምጥ ነው አለችኝ። ከአማቷ ጋር አንድ ጓዳ እየተጋራች የት ላይ እንደምታስቀምጠው ግን አልነገረችኝም። እንዲህ እያልኩ አሾፍባቸዋለሁ፣ እነሱም ይስቃሉ። ሲወጡ ግን ሲገቡ ከነበሩት ቀለል ብሏቸው እንደሚሄዱ አይ ነበር፤ ይህንንም መካድ አልችልም።

ቶይባ እኔንም ሞክራኛለች። አንድ ቀን ሱቁ ጭር ሲል፣ «አንቱስ እትዬ ጥሩወርቅ፣ ደህና ነዎት?» አለችኝ። ጥያቄው የሰላምታ እንዳልሆነ ገባኝ። ልጄን ልዑልን የቀበርኩት በጦርነቱ ዓመት ነው፤ ከባድ መሣሪያ ደጃችን ወድቆ፣ በሀያ ሁለት ዓመቱ። ከዚያ ወዲህ ስሙን ሱቅ ውስጥ ጠርቼው አላውቅም። ተመስገን አልኳትና ማሽኔን መርገጥ ጀመርኩ። ሁለተኛ አልጠየቀችኝም። የወደድኳት ያን ቀን ነው።

ስለ ማሽኔም ልናገር። የእግር ማሽን ናት፣ ከእኔ ጋር ያረጀች። መርገጫዋን በረገጥኩ ቁጥር ሲጥ ሲጥ ትላለች፤ ዘይት ባጠጣት፣ ብፈታት ብገጥማት ልማዷን አልተወችም። ቶይባ ስልኳ ፊት ስትቆም «እትዬ፣ ትንሽ ያቁሙልኝ» ትለኛለች፣ አቆምላታለሁ። አንዴ ረስቼ ስረግጥ ተቀርጾ ወጣና፣ አዲስ አበባ ያለች የመርሳ ልጅ፣ ይቺ የእትዬ ጥሩወርቅ ማሽን አይደለችም ወይ ብላ ጻፈች። ከሷ በኋላ ሀያ ሰው አዎ እሷ ናት አለ፤ ዩኒፎርሜን ያጠበበችልኝ፣ የእህቴን ቬሎ ያስተካከለችልኝ እያለ። ቶይባና እኔ ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ስንስቅ አንዳችንም ሌላ ነገር አላሰብንም።

እያደር ቶይባ የሌሎችንም ድምፅ ማውጣት ጀመረች። ፊታቸውን ማሳየት የማይችሉ ልጆች በቴሌግራም ድምፃቸውን ይልኩላታል፤ እሷ በስልኳ ድምፁን ታወፍረዋለች ወይም ታቀጥነዋለች፣ የሰውና የቀበሌ ስም የተጠራበትን ቆርጣ ታወጣለች፣ ከዚያ ባዶ ጥቁር ምስል ላይ ትለጥፈዋለች። በዚህ ሥራ ቀልድ አታውቅም። ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ ሰክታ አንዱን ድምፅ አምስት ስድስት ጊዜ ስትሰማው አያለሁ። ለእያንዳንዷ የምትጽፈው ቃል አንድ ነበር፤ «ማንም አያውቅሽም፣ በእኔ ጣይው።»

ባለፈው ጥር፣ የሠርግ ሰሞን፣ ስሟን የደበቀች አንዲት ልጅ ድምፅ ላከችላት። ያን ቀን ቶይባ ምሳዋን አልበላችም። ምነው ብላት፣ አንዲት ልጅ ናት አለችኝ እንጂ ሌላ አልጨመረችም። ልጅቱ ይውጣልኝ ብላ ለምናታለች፤ እንደኔ የሆነች ካለች ብቻዋን እንዳልሆነች ትስማ ብላ። ቶይባ ሁለት ቀን አሰበችበት። ድምፁን አወፈረችው፣ ስም ስሙን ለቀመች፣ ደጋግማ ሰማችው። በሦስተኛው ቀን እኩለ ቀን ሊሆን ሲል ለጠፈችውና ዙህር ልትሰግድ ወጣች።

እኔ የማርታን የቀሚስ ልኬት እየወሰድኩ ነበር። ማርታ ሲሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከሉ ውስጥ ጸሐፊ ናት፤ የቶይባ ገጽ ላይ የወጣ ነገር አያመልጣትም። ስልኳ ጮኸ፣ ከፈተችው፣ ድምፁ ሱቁን ሞላው። እንደ ወንድ የወፈረ ነው፤ አነጋገሩ ግን የሴት ልጅ ነው።

«በጦርነቱ ጊዜ ቤታችን የገቡት ሰዎች ያደረጉኝን እናቴ እንኳ አታውቅም። ሦስት ዓመት አለፈኝ። የታጨሁለት ሰው ጥሩ ሰው ነው ይላሉ፤ በስልክ ሲያናግረኝ እጄ ይንቀጠቀጣል። ሰው ሲጠይቀኝ ደህና ነኝ እላለሁ። ደህና አይደለሁም።»

ልክ መውሰዴን አቆምኩ። ያስቆመኝ ግን ቃሏ ብቻ አልነበረም። ከድምፁ ኋላ፣ ከግድግዳው ወዲያ፣ ሌላ ድምፅ ይሰማል። ኩፍ፣ ኩፍ፣ ፊው። ኩፍ፣ ኩፍ፣ ፊው።

የናፍጣ ወፍጮ ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። የጭስ ማውጫው ጫፍ ላይ ጣሳ ይደፋበታል፤ ድምፁ ርቆ እንዲሄድና ወፍጮው መነሳቱን ገበሬው ማሳው ላይ ሆኖ እንዲያውቅ ነው። እያንዳንዱ ወፍጮ የራሱ ድምፅ አለው። ከመርሳ ወጣ ብሎ ግራና ያለው የሸህ አብዱልሐሊም ወፍጮ ጣሳው የተሰነጠቀ ነው፤ ሁለቴ ይመታና በሦስተኛው ያፏጫል። በጦርነቱ ጊዜ መብራት ጠፍቶ የመርሳ ወፍጮ ሁሉ ሲቆም፣ ሸህ አብዱልሐሊም ጓሯቸው ቀብረውት የነበረውን ናፍጣ አውጥተው ለአገሩ ፈጩለት። ከመርሳ፣ ከሲሪንቃ፣ ከየገጠሩ እህሉ በአህያና በሰው ጀርባ የሄደው ወደዚያ ነው። ለሰደቃና ለተዝካር የመጣ እህል ወረፋ አይጠብቅም ነበር። የልዑልን የአርባ ቀን ተዝካር እህል ያስፈጨሁት እዚያ ነው። ከጠዋት እስከ ማታ ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ተቀመጥኩ። ለቅሶዬን የወፍጮው ድምፅ ይሸፍንልኝ ስለነበር እንደዚያ ቀን አልቅሼ አላውቅም።

ስለዚህ ምላሴ ቀደመኝ። «ይሄ የሸህ አብዱልሐሊም ወፍጮ ነው» አልኩ።

ሌላ አላልኩም። እሱ ግን በቃ። ማርታ መልሳ ከፈተችው፣ ጆሮዋን አስጠግታ ሰማችው፣ ዓይኗ እንባ ሞላ። እሷም ያኔ ከእናቷ ጋር ማሽላ ተሸክማ ሄዳ ነበር። እውነትም እሱ ነው አለችና በአውራ ጣቷ የሆነ ነገር ጻፈች። ምን እንደጻፈች አልጠየቅኳትም። ወገቧን ለክቼ ጨረስኩ።

ቶይባ ከሰላት ስትመለስ የኢንተርኔት ኔትወርኩ ሄዷል፤ መደወል ብቻ ነው የሚቻለው። እኛ ጋ ኔትወርክ ሲሄድ ለምን ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ዓመት ሊሞላ ትንሽ እስኪቀረው የተዘጋበትንም ጊዜ አሳልፈናል። ያን ቀን አልተመለሰም፣ በማግስቱም አልተመለሰም። ቶይባ እንዲያውም ደስ ብሏት ነበር፤ ሰው ተረጋግቶ ይስማት አለች። መርሳ ያለነው ምንም ሳናይ፣ ከመርሳ ውጭ ያለው ሁሉ እያየና እየጻፈ መሆኑ ትዝ አላላትም። በማግስቱ ከሰዓት ደሴ ያለች የአክስቷ ልጅ በስልክ ደወለችና ኮመንቱን አይተሽዋል ወይ አለቻት። የቶይባ ፊት ሲለወጥ አየሁ። ምን እንደሚል ስትጠይቅ መስመሩ ተቋረጠ።

ወልዲያ ኔትወርክ አለ ሲባል ሱቁን ዘግቼ አብሬያት ወጣሁ። ለምን እንደምሄድ አልጠየቀችኝም፤ ወድጃት የመጣሁ መስሏታል። ሚኒባሱ ውስጥ ስልኳን በሁለት እጇ ጨብጣ፣ ሲሪንቃን አልፈን ኬላው ላይ ወርደን ተፈትሸን እስክንገባ ድረስ ኔትወርክ መጣ አልመጣ እያለች ታየው ነበር። እኔ ደግሞ ማርታ በአውራ ጣቷ የጻፈችውን ነገር አስብ ነበር። ወልዲያ ዋይፋይ ያለበት ካፌ ገብተን ሻይ አዘዝን፤ ሻዩ ሳይነካ ቀዘቀዘ።

ስድብ ይኖራል ብዬ ነበር። አልነበረም። ምነው ስድብ በሆነ። የመጀመሪያው የማርታ ነው፤ «ይሄ እኮ የግራናው ወፍጮ ነው። እግዜር ይስጣቸው፣ እሳቸው ባይኖሩ በረሃብ አልቀን ነበር» ይላል። ከሥሩ ሦስት መቶ ሰው ተከታትሎ ጽፏል። አንዱ ጅዳ ሆኖ፣ እናቴ የነገረችኝ ወፍጮ ይሄ ነው ወይ ይላል። ሌላዋ፣ አራስ ሆኜ የጠጣሁት አጥሚት እዚያ የተፈጨ ነው ትላለች። አላህ ዕድሜ ይስጣቸው፣ አሚን፣ አሚን፣ አሚን። ልጅቱ ምን አለች ብሎ የጠየቀ አንድም የለም፤ ሁሉም ከኋላዋ ያለውን ነበር የሚሰማው። ከዚያ ወደ ታች ወረድ ብሎ፣ ክፋት ይኑረው አይኑረው እንጃ፣ አንድ ሰው እንዲህ ብሎ ጽፏል፦ «ወፍጮው እንዲህ ቀርቦ የሚሰማው ከራሳቸው ቤት ነው። ያለቻቸው ሴት ልጅ ደግሞ አንዲት ናት።»

ቶይባ ከዚያ በታች ያለውን አላነበበችም። ድምፁን ከገጿ አጠፋችው። ግን አልጠፋም፤ የግራና ልጆች ጅዳ ላይ የከፈቱት የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ከዋዜማው ጀምሮ ሲዞር እንደነበር በኋላ ሰማን። የልጅቱ እጮኛ የሚሠራው ጅዳ ነው።

«ማርታ ከየት አወቀችው?» አለችኝ ቶይባ። ድምጿ ልክ የሕፃን ነበር። «እኔ ስንት ጊዜ ሰምቼው አላወቅኩትም።»

«እንጃ» አልኳት። «ያን ወፍጮ የማያውቅ አለ?»

እኔ ነኝ ማለት ሁለት ቃል ነበር። አላልኩም። ፈሪ ነኝ። ቶይባ ጥፋቱን ሁሉ አንስታ ራሷ ላይ ጫነችው። ስም ለቀምኩ፣ ቀበሌ ለቀምኩ፣ የእርስዎን ማሽን እንኳ አስቆምኩ፣ የሷን ወፍጮ ግን አልሰማሁትም እያለች ከወልዲያ እስከ መርሳ አለቀሰች። ለገጠር ልጅ ወፍጮ እንደ ወፍ ድምፅ ነው፤ ጆሮ ያልፈዋል። በዚያ ላይ በጦርነቱ ጊዜ እሷ አዲስ አበባ ዘመድ ቤት ነበረች፣ እህል ተሸክማ ግራና አልሄደችም። ይህንን ብነግራት ይቀላት ይሆናል። ብነግራት ግን እርስዎስ የሚለው ጥያቄ ይመጣል፤ ስለዚህ እሱንም ዋጥኩት።

በማግስቱ ግራና ሄድን። የገበያ ቀን ነበር፣ ወፍጮው ግን አይሰማም። በሩ ላይ ማዳበሪያ ሙሉ እህል ይዘው የተቀመጡ ሴቶች ይጠብቃሉ፤ ለምን እንደቆመ የነገራቸው የለም። ሸህ አብዱልሐሊምን ቤታቸው ደጃፍ ላይ ብቻቸውን ተቀምጠው አገኘናቸው። ልብሳቸው ላይ የዱቄት ብናኝ የለም፤ ያለ ዱቄት ሳያቸው ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው።

ቶይባ ጉልበታቸውን ልትስም ጎንበስ ስትል ትከሻዋን ይዘው ከለከሏት። ማን እንደሆነች ያውቃሉ። ሰላምታውን ግን አላስቀሩብንም። እናንተ ደህና? መርሳ ደህና? መንገዱ ደህና? አንድ በአንድ መለስን። እኛም ጠየቅናቸው፤ ቤቱን፣ ከብቱን፣ ጎረቤቱን። ለሁሉም አልሐምዱሊላህ አሉ። በመጨረሻ ቶይባ ልጃቸውን በስሟ ጠየቀች፤ «ዓቢዳስ?» አለች።

«ዓቢዳ ደህና ናት» አሉ። «አልሐምዱሊላህ።»

ከዚያ ወፍጮ ቤቱን አዩት። ሲናገሩ ወደ እኔ ዞረው ነው። «እታለም፣ ጣሳውን የደፋሁት አገር እንዲሰማው ብዬ ነው። ልጄ ግድግዳው ሥር ተቀምጣ ስታለቅስ ግን እኔ አልሰማኋትም።»

እዚያው በር ላይ እኔም ተቀምጬ ሳለቅስ ማንም አልሰማኝም ልላቸው ፈልጌ ነበር፤ ነጠላዬን አስተካክዬ ተነሳሁ። ተሰናብተን ስንወጣ የዓቢዳ እናት ከጓሮ ዞረው አጥሩ ጋ ደረሱብን። ዓቢዳ የለችም አሉን። የእጮኛዋ ቤተሰብ ትናንት ነገሩ ይቅር ብለው ላኩ፤ እሷ ዛሬ ንጋት ላይ ከሁለት የሰፈር ልጆች ጋር ደላላ ተከትላ በጅቡቲ በኩል ወደ አረብ አገር ልትሻገር ወጥታለች። ስልኳን ትራሷ ሥር ትታዋለች። ቶይባ አጥሩን ይዛ ቆመች። እናትየው አልረገሟትም፣ ድምፃቸውንም ከፍ አላደረጉም።

«ለእኔ ሳትነግረኝ ለአንቺ ነገረችሽ» አሏት ብቻ።

ይኸው አምስት ወር አለፈ። ከጅቡቲ ወዲያ ዓቢዳን አየሁ ያለ የለም። ከሁለቱ ልጆች የአንዷ ቤተሰብ የመን ደርሳለች የሚል ወሬ ሰምቷል፣ ስለ ዓቢዳ ግን ወሬው አያነሳም። ወፍጮው ተመልሶ ተነስቷል፤ ሸህ አብዱልሐሊም ጣሳውን አውልቀውታል ይላሉ። አሁን ሰው ወፍጮው ይሥራ አይሥራ የሚያውቀው ሄዶ ሲያየው ነው።

ቶይባ ገጿን አልዘጋችውም፣ አልነካችውምም። አርባ ሺህ ሰው ዝም ብሎ ይጠብቃታል። አባቷ ይብቃሽ አሏት፣ የመስጊድ ሽማግሌዎች መጥተው በለዘበ ቃል መከሯት፤ ሁሉንም አንገቷን ደፍታ እሺ አለች። ጠዋት ሱቅ ስትከፍት መጀመሪያ የምታየው ያንን ስም የሌለውን የቴሌግራም አካውንት ነው። ስልኩ ግራና ትራስ ሥር እንደቀረ እያወቀች ታየዋለች። ከጅቡቲ ተመላሽ የጫነ አውቶቡስ መጣ ሲባል መናኸሪያ ሄዳ በየመስኮቱ ትጠይቃለች። ከስታለች፣ ዓይኗ ሥር ጠቁሯል። ልጆቹ ለትንሽ ጊዜ መጡ፣ ከዚያ ቀሩ፤ ወንበሮቹን አንዱን ባንዱ ላይ ደርድራ ጥግ አስቀመጠቻቸው። ደንበኛ ሲገባ ደህና ነሽ ወይ ይላታል።

«ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ» ትላለች።

ይህን ቃል ከሷ አፍ በሰማሁ ቁጥር መርፌው ጣቴን የወጋኝ ያህል ያመኛል። ሆኖም አምስት ወር ሙሉ ዝም አልኩ። ለንስሐ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም። አንዳንዴ ማርታ ናት ጥፋተኛዋ እላለሁ፤ አንዳንዴ ኔትወርኩ ነው እላለሁ፤ አንዳንዴም ጣሳው ለምን ተሰነጠቀ እላለሁ። ሰው ራሱን ለማዳን የማይወነጅለው ነገር የለም።

ባለፈው ሳምንት አንዲት ልጅ ከገጠር መጣች። አሥራ ዘጠኝ ቢሆናት ነው፤ ጫማዋ አቧራ ለብሷል፣ ከሩቅ በእግር እንደመጣች ያስታውቃል። የሆነውን ሁሉ አልሰማችም። ቶይባ አንቺ ነሽ ወይ ብላ ጠየቀች፣ ነኝ ስትላት ፊቷ በራ፣ ሄዳ ከተደረደሩት ወንበሮች አንዱን ልታወርድ ያዘች።

«ወንበሩን ተይው» አለቻት ቶይባ። «ሂጃብ ብቻ ነው የምሸጠው።»

ልጅቱ ወንበሩን ለቀቀች። ይቅርታ አለችና ወጣች። ወዴት እንደሄደች ለማየት እስከ በሩ ወጥቼ ነበር፤ አስፋልቱን ተሻግራ ሰዉ መሀል ገባች። ተመልሼ ስገባ ቶይባ ሂጃብ እያጠፈች ነበር፤ ያንኑ አንዱን ሂጃብ ታጥፈዋለች፣ ትዘረጋዋለች፣ መልሳ ታጥፈዋለች።

ያኔ ከዚህ በላይ አልቻልኩም። ማሽኔ ላይ ተቀመጥኩ፣ ስልኬን ጠረጴዛዋ ላይ አኖርኩት፣ ልጆቹ ድምፅ ሲቀዱ የሚነኩትን ምልክት ነካሁና እየረገጥኩ መናገር ጀመርኩ። ቶይባ ካለችበት ሁለት እርምጃ አይሆንም፤ ዓይን ለዓይን ብንነጋገር ግን እንደማልናገረው አውቀዋለሁ። በማሽኑ ጩኸት ምን እንደምል አልሰማችም፤ ከደንበኛ ጋር በስልክ የማወራ ነው የመሰላት።

«እኔ ጥሩወርቅ ነኝ። ልዑል የሚባል ልጅ ነበረኝ። የተዝካሩን እህል ያስፈጨሁት ግራና ነው። ወፍጮውን ያወቅኩት እኔ ነኝ፣ ለማርታ የነገርኳትም እኔ ነኝ። ቶይባ አይደለችም። ዓቢዳ፣ የትም ሁኚ የት፣ ያወጣሽ የእኔ አፍ ነው። ይቅር በይኝ ለማለት እንኳ አፍ የለኝም። ደህና አይደለሁም።»

ለቶይባ ላክሁት። ከወዲያ ማዶ ስልኳ ጮኸ። ስሜን አይታ ወደ እኔ ዞር አለች፣ ከዚያ ማዳመጫውን ሰክታ ጀርባዋን ሰጠችኝ። አንዴ ሰማችው። መልሳ ሰማችው። ሦስተኛም ሰማችው። ትከሻዋን እያየሁ መርገጤን አላቆምኩም፤ ካቆምኩ የምትለውን ልሰማ ነው። የምሰፋው ጨርቅ አልነበረም፤ መርፌው ባዶውን ይወጋ ነበር። ይቅር አልኩዎት አላለችም፣ ለምን እስከ ዛሬ ዝም አሉ ብላም አልጮኸችብኝ። ምነው በጮኸችብኝ አልኩ።

«ይውጣ?» አለችኝ በመጨረሻ፣ ፊቷን ሳታዞር።

«ይውጣ።»

«ድምፁ ይቀየር?»

«አይቀየር።»

«ማሽኑ ከኋላ ይሰማል እትዬ» አለች። «ሰው ሁሉ ያውቅዎታል።»

«ይወቀኝ» አልኳት፣ መርገጤን ሳላቆም።